ጎተራው ውስጥ ምን ቀረ?

የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» የመጨረሻ ክፍል በተላለፈ ማግስት፣ በግንቦት 2011 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ሁለት ወንድማማቾች ተኮራረፉ።

ታናሽየው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ፊልሙን በየሳምንቱ በፍላሽ ገልብጦ የሚያመጣው እሱ ነበር። ታላቅየው አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ የንብረት ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ገቢና ወጪ ሲመዘግብ ይውልና ማታ ከወንድሙ ጋር ቁጭ ብሎ ድራጎን ያያል። ያን ቀን ታናሽየው ቆሽቱ አርሯል። «ስምንት ዓመት አስጠብቀው ጉድ ሠሩን!» አለ። ታላቅየው «ተረት ነው እኮ፣ ምን አንገበገበህ?» ብሎ ሳቀ። ነገሩን ያከረረው ሳቁ ነው። ታናሽየው «ወንድም ጋሼ፣ መጽሐፉን አላነበብከውማ! አንብበውና ከዚያ ትስቃለህ» ብሎ አምስቱንም ቅጽ በቴሌግራም ላከለት። ለሁለት ሳምንት ያህል እራት ላይ «ውሃ አቀብለኝ» ከማለት ያለፈ ወሬ አልነበረም።

በእርግጥ የተናደዱት የዚያ ቤት ሰዎች ብቻ አልነበሩም። የመጨረሻው ሲዝን በሌሎች ጸሐፊዎች እንደገና ይሠራልን የሚል የኢንተርኔት አቤቱታ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስቧል። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ያው የተሰደበ ሲዝን ምርጥ ድራማ ተብሎ የኤሚ ሽልማት ወሰደ። ሽልማትና ስድብ በአንድ ዓመት።

ላላየው ሰው ባጭሩ፦ አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን የመጀመሪያውን ቅጽ ያሳተመው በ1996 ነው (ከዚህ በኋላ የመጻሕፍቱና የፊልሙ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰባት መንግሥታት በአንድ የብረት ዙፋን ሥር ናቸው፤ ንጉሡ ይሞታል፤ መኳንንቱ ይፋጃሉ፤ ከሰሜን ደግሞ ዓመታት የሚፈጅ ክረምት እየመጣ ነው። ኤችቢኦ ታሪኩን ወደ ቴሌቪዥን ያመጣው ከሚያዝያ 2011 እስከ ግንቦት 2019 ነው፤ ስምንት ሲዝን፣ ሰባ ሦስት ክፍል። አዘጋጆቹ ዴቪድ ቤኒኦፍና ዲ. ቢ. ዋይስ ናቸው። አምስተኛው ቅጽ በሐምሌ 2011 ወጣ። ስድስተኛው እስካሁን አልወጣም። ፊልሙ መጽሐፉን ቀድሞት ሄደ፤ ማርቲን የፍጻሜውን ዋና ዋና ነጥቦች ለአዘጋጆቹ ነግሯቸዋል፣ መንገዱን ግን ራሳቸው መፈለግ ነበረባቸው።

የሁሉም ሰው ሰበብም ይኸው ነው። «መጽሐፉ ስላላለቀ ነው የተበላሸው» ይባላል። ታላቅየውም በዚህ አምኖ ነበር። በኮሮና ጊዜ ቤት መዋል ሲበዛ መጻሕፍቱን ከፈተ፤ በስልክ ስክሪን፣ በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዴ መዝገበ ቃላት እያገላበጠ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀበት። ሲጨርስ የደረሰበት ድምዳሜ ከሰበቡ ጋር አልገጠመም። ፊልሙ ያጣው ነገር ገና ያልተጻፈው ውስጥ አልነበረም። ተጽፎ፣ ታትሞ፣ አዘጋጆቹ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የነበረውን ነው የተዉት።

ያስቆመው የመጀመሪያው ቦታ ማንም የማያስታውሰው ገጽ ነው። አምስተኛው ቅጽ፣ «ኤ ዳንስ ዊዝ ድራጎንስ»። ጆን ስኖው በሰሜን ጫፍ ያለውን ግዙፍ የበረዶ ግንብ የሚጠብቁት ዘቦች አዛዥ ሆኗል። ከምድር በታች ወዳለው ግምጃ ቤት ይወርዳል። አብሮት ቦወን ማርሽ የሚባል የንብረት ኃላፊ አለ። የደረቀው ሥጋ ስንት ነው፣ አይቡ ስንት ነው፣ እህሉ ስንት ወር ያስኬዳል፣ ይቆጥራሉ። ጆን ከግንቡ ማዶ ያሉትን ሺዎች፣ የዘቦቹን የዘመናት ጠላቶች፣ ወደ ውስጥ ላስገባ ይላል፤ ውጭ ቢቀሩ ሞተው የጠላት ሠራዊት ሆነው ይነሳሉና። ቦወን ማርሽ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለው። ምን ይበላሉ?

ንብረት ቆጥሮ የሚያድር ሰው ይህን ሲያነብ ማን ትክክል እንደሆነ ለመወሰን ይቸገራል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጆን እንኳ ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው ከብራቮስ የብረት ባንክ መልእክተኛ ጋር ተቀምጦ ለክረምቱ ቀለብ መግዣ ብድር የሚደራደረው። በድራጎን ታሪክ ውስጥ ብድር! ብዙ አንባቢ እዚህ ጋ ሲያዛጋ፣ ታላቅየው መብራት ጠፍቶ በስልኩ ብርሃን ማንበቡን ቀጠለ።

ጆን መጨረሻ ላይ በገዛ ሰዎቹ ይወጋል። በፊልሙ የሚታወሰው አሊሰር ቶርን ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጆንን የሚጠላ ኮስታራ። የመጨረሻውን ጩቤ የሚሰነዝረው ኦሊ ደግሞ ወላጆቹ የተገደሉበት ልጅ ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ ለፊልሙ የተፈጠረ ነው። እናም ተመልካች ኦሊን ጠላው፤ ሲሰቀልም እሰየው አለ። መጽሐፉ ውስጥ የሚወጋው ቦወን ማርሽ ነው። ሲወጋ እንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል። ወሩን ሙሉ ጎተራ ሲቆጥር የከረመ ሰው፣ አዛዡ ደግሞ በዘቦቹ ወግ በተከለከለው የመኳንንት ጦርነት ውስጥ ልግባ ሲል፣ ሌላ መንገድ ጠፍቶት ይወጋል። ጥላቻ የለበትም። (ማርሽ ፊልሙም ውስጥ ከወጊዎቹ አንዱ ነው፤ ግን ፊቱን የሚያስታውሰው የለም። ምን ያድርግ፣ ጎተራው ከታሪኩ ወጥቷላ።)

ልዩነቱ አንድ ገጸ ባሕርይ መቀየሩ አይደለም። ጥላቻ የገደለው ሰው ሲኖር ጠይው ይቀጣና ነገሩ ያበቃል። ረሃብን በመፍራት የተገደለ ሰው ሲኖር ግን ወንጀለኛው ተሰቅሎም ረሃቡ በቦታው አለ።

ማርቲን የሚጨነቀው በዚህ ነው። በ2014 ለአንድ የአሜሪካ መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ በጣም የሚያከብረውን ቶልኪንን አንስቶ፣ ደጉ ንጉሥ አራጎርን ነግሦ መቶ ዓመት በጥበብ ገዛ ማለት ቀላል ነው፤ ለመሆኑ የግብር ፖሊሲው ምን ነበር? ድርቅ ሲመጣ ምን አደረገ? ቋሚ ጦር ነበረው? ዓይነት ጥያቄ ጠይቋል። ቀልድ ይመስላል። አምስቱን ቅጽ ላነበበ ግን ቀልድ አይደለም። ሰውየው አምስት ሺህ ገጽ የሚጠጋ የጻፈው ለዚህ ጥያቄ ነው።

ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ይህን ያውቅ ነበር፤ ይህን አለመናገር ግፍ ነው። በሁለተኛው ሲዝን ኪንግስ ላንዲንግ ተርቦ ሕዝቡ በንጉሡ ላይ ሲነሳ ታይቷል። ንጉሥ ሮበርትና ንግሥት ሰርሲ ብቻቸውን ተቀምጠው ስለከሸፈ ትዳራቸውና ስለ ጦርነት የሚያወሩበት የመጀመሪያው ሲዝን ትዕይንት መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ እንዲያውም መጽሐፉ ባገኘው ያሰኛል። አርያ በጠላቷ በታይዊን ላኒስተር ጠረጴዛ ላይ ወይን የምትቀዳበትም እንዲሁ፤ በመጽሐፉ የምታገለግለው ሩስ ቦልተንን ነው፣ ፊልሙ ቀይሮ አሻሻለው። የሃርድሆም እልቂት መጽሐፉ ውስጥ በደብዳቤ የሚሰማ ወሬ ብቻ ሲሆን ፊልሙ በ2015 አሳየው፤ ያየ አይረሳውም። ማርቲን ራሱ ከመጀመሪያዎቹ አራት ሲዝኖች ለእያንዳንዳቸው አንድ ክፍል ጽፏል። ከዚያ በኋላ አልጻፈም። ሂሳቡም ከዚያ ወዲህ ነው መሳሳት የጀመረው።

በ2014 ዓ.ም. ታላቅየው ያለበት ብሎክ ላይ አንድ የጎረቤት ልጅ ከግንባር ተመለሰ። እንዴት እንደተመለሰ በግልጽ የሚናገር የለም። አንዱ ቆስሎ ነው ይላል፤ ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከድቶ ነው ይላል። ልጁ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ሰው ሲያልፍ እግሩን ሰብሰብ ያደርጋል፣ ቀና ብሎ አያይም። ታላቅየው አራተኛውን ቅጽ፣ «ኤ ፊስት ፎር ክሮውስ»ን፣ ያነብ የነበረው ያኔ ነው።

ብዙ አንባቢ ይህን ቅጽ አይወደውም፤ የሚወደዱት ሰዎች የሉበትም፣ ጦርነቱም ያለቀ ይመስላል። ብሪየን የምትባል ሴት ተዋጊ የጠፋች ልጅ ፍለጋ በወንዞቹ አገር ትዞራለች፤ ጦር ሁሉ የተመላለሰበት መሬት ነው። የተቃጠለ መንደር፣ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ሬሳ፣ ባዶ ማሳ። መንገድ ላይ ሜሪባልድ የሚባል ባዶ እግሩን የሚሄድ የገጠር ሰባኪ አብሯት ይጓዛል። አንድ ጊዜ ከጦር የሸሹ ሰዎችን እንዴት መፍራት እንዳለባቸው ሲወራ፣ ሰባኪው ረጅም ንግግር ያደርጋል። ፍሩዋቸው፣ ግን እዘኑላቸው ነው ነገሩ። ከቀዬው ርቆ የማያውቅ የገበሬ ልጅ በዘፈንና በሆታ እንዴት እንደሚወጣ፣ ከጓደኞቹ ማን እንደሚቀድመው፣ በአንዱ ጦርነት ያልተሰበረው በሌላው እንዴት እንደሚሰበር፣ በመጨረሻ ለመኖር ከራሱ ዓይነት ገበሬ እንዴት እንደሚሰርቅ ይናገራል። መጨረሻ ላይ ማን እንደሚያወራ ይገባናል። ሜሪባልድም በልጅነቱ ከወንድሞቹ ጋር ዘምቷል።

ታላቅየው ይህን ምዕራፍ በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ አነበበው። በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ላይ ሲደርስ «እንዴት አደርክ?» አለ። ከዚያ በፊት ለልጁ ሰላምታ ሰጥቶት አያውቅም ነበር።

ፊልሙ ይህን ንግግር ምን አደረገው? በስድስተኛው ሲዝን፣ በ2016፣ የተሰበረው ሰው የሚል ርዕስ ያለው ክፍል አለ። ኢያን ማክሼን የሚጫወተው አንድ የቀድሞ ወታደር የነበረ ሰባኪ መንደርተኛ ሰብስቦ ቤተ ጸሎት ያሠራል፤ ሞቷል የተባለው ሃውንድ፣ ሳንዶር ክሌጋን፣ እንጨት እየፈለጠ አብሯቸው ይኖራል። ሰባኪው ቀደም ሲል ስለሠራው ግፍ ይናገራል፤ ጥሩ ትወና ነው። ከዚያ ሽፍቶች መጥተው መንደሩን ይጨርሳሉ፤ ሰባኪውን ይሰቅሉታል፤ ሃውንድ መጥረቢያውን አንስቶ ለበቀል ይሄዳል። ክፍሉ ያልቃል፤ ተመልካችም በለው ይላል።

መጽሐፉ የተናገረው ስለ ብዙ ሰዎች ነበር። ፊልሙ አንድ ሰው አደረገው፣ ያንንም ጀግና። ሽፍቶቹ ከየት እንደመጡ፣ ከየትኛው ጦር እንደተረፉ፣ ማን እንዳዘመታቸው አይጠየቅም። ሜሪባልድ እዘኑላቸው ያላቸው ሰዎች ፊልሙ ውስጥ የመጥረቢያ ማሟሻ ሆኑ። ታናሽየው ይህን ክፍል ሲያይ ያጨበጨበበትን ማታ ታላቅየው ያስታውሳል። እሱም አጨብጭቧል።

በቀል ላይ ከመጣን አይቀር፣ ከሁሉም ትልቁ መቆረጥ እዚህ ነው። ቀዩ ሰርግ የሚባለውን ጭፍጨፋ ሁሉም ያውቀዋል፤ ኬትሊን ስታርክ ከልጇ ከሮብ ጋር እንግዳ ሆና በሄደችበት ታረደች። በሦስተኛው ቅጽ መጨረሻ፣ በ2000 በታተመው፣ ኬትሊን ትመለሳለች። ሰው ሆና ግን አይደለም። አንገቷ እንደተቆረጠ፣ ፊቷ እንደተቧጨረ፣ ከውሃ የወጣ ሬሳ ሆና የሽፍታ ቡድን ትመራለች፤ ከፍሬይ ቤተሰብ ያገኘችውን ሁሉ ትሰቅላለች። አንባቢ መጀመሪያ ላይ ደስ ይለዋል። የእጃቸውን አገኙ ይላል። ከዚያ አራተኛው ቅጽ መጨረሻ ላይ ለመሰቀል የምትቀርበው ብሪየን ናት። የኬትሊንን ልጆች አገኛለሁ ብላ ለኬትሊን የማለችው ብሪየን። ሰይፏ የጠላት ስጦታ ስለሆነ ብቻ ከዳተኛ ተብላለች። አብሯት ያለው ገና አፍላ ልጅ ፖድሪክም ገመድ አንገቱ ላይ ይገባል። በአምስተኛው ቅጽ ብሪየን በሕይወት ብቅ ትላለች፤ በምን ዋጋ እንደተረፈች ግን ገና አልተነገረንም።

ፊልሙ ይህችን ሴት ሙሉ በሙሉ አስወጣት። የፍሬይ ቤተሰብን በቀል ለአርያ ሰጠው። በ2017 ሰባተኛው ሲዝን ሲከፈት አርያ የሽማግሌውን ፊት ለብሳ፣ ወይኑን መርዛ፣ አዳራሹን ሙሉ ትጨርሳቸዋለች። ሴቶቹ ተለይተው ይተርፋሉ። ንጹሕ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ አንድም ንጹሐን አልተነካም። እንዲህ ያለ በቀል የት አገር አለ? መጽሐፉም ውስጥ ፍሬዮችን በሥጋ ኬክ አዘጋጅቶ የሚያስበላ ጌታ ያለ ይመስላል፤ ማርቲን በቀልን የሚጠላ መነኩሴ አይደለም። ግን በቀል ውስጥ ገመዱ የሚሳሳትበትን ቀን ጽፎታል።

አሁን ወደ ጠቡ መነሻ፣ ወደ ዴኔሪስ። የድራጎኖቹ እናት፣ ባሪያ ነጻ አውጪዋ፣ በስምንተኛው ሲዝን አምስተኛ ክፍል ከተማዋ እጅ ሰጥታ የደወል ድምፅ ከተሰማ በኋላ ሕዝቡን በእሳት አነደደችው። ታናሽየውን ያሳበደው ይህ ነው። «እሷ እንዲህ አታደርግም» አለ። ብዙ ሰው እንዲሁ አለ።

ታላቅየው መጽሐፉን ሲጨርስ ታደርጋለች የሚል እምነት አደረበት። ማድረጓ ሳይሆን ድንገት መሆኑ ነው ችግሩ። መጽሐፉ ውስጥ ዴኔሪስ አስታፖር የምትባለውን ከተማ ነጻ አውጥታ፣ ሦስት ሰው ያለበት ምክር ቤት አቁማ፣ ሠራዊቷን ይዛ ወደሚቀጥለው ከተማ ትሄዳለች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሥጋ ሻጭ ምክር ቤቱን ገልብጦ ራሱን ያነግሣል፤ የትናንት ጌቶችን ልጆች በተራው ባሪያ ያደርጋል። ከዚያ ከበባ፣ ረሃብ፣ ወረርሽኝ። ከተማዋ ትጠፋለች። የተረፉት በሽታውን ተሸክመው ዴኔሪስ ወደምትገዛው ሚሪን ቅጥር ይመጣሉ። በሩን ልክፈት ወይስ ልዝጋ? ከፈተችው ከተማዋ ይታመማል፤ ዘጋችው እናታችን ብለው የመጡ ይሞታሉ። ዘጋችው። ከዚያ ግን ራሷ ወጥታ በበሽተኞቹ መካከል ሄደች፤ ምግብ አስከፋፈለች፣ በገዛ እጇ አንድ ሽማግሌ አጠበች።

ፊልሙ ውስጥ የአስታፖር ውድቀት በአራተኛው ሲዝን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነገራታል። ስደተኞቹ አይመጡም። ወረርሽኙ የለም። በሩም አልተዘጋም። ነጻ የወጣ ሽማግሌ አስተማሪ ወደ ጌታው ልመለስ ብሎ ሲለምናት ታይቷል፤ ጥሩም ነው። በቀረው ግን ዴኔሪስ እየገዛች ሳይሆን እያሸነፈች ነው የምናያት፤ ከተማ ትከፍታለች፣ ትጨበጨብላታለች፣ ወደ ሚቀጥለው።

አንዲት ልጅ ደግሞ አለች። ከድራጎኖቹ አንዱ የበላት የእረኛ ልጅ፤ አባቷ አጥንቷን በጨርቅ ይዞ ችሎት ይቀርባል። ሁለቱም ውስጥ አለች። መጽሐፉ ውስጥ ስሟ ሃዚያ ነው። ዴኔሪስ ለአባትየው የደም ካሳ ትከፍላለች፣ ድራጎኖቿን በሰንሰለት ታስራለች፣ ስሙ ግን አይለቃትም፤ በየምዕራፉ ይመለሳል፤ ስትፈርድ፣ ስትተኛ፣ ስታገባ። ፊልሙ ውስጥ ልጅቱ በአንድ ክፍል ታስለቅሰንና ትወጣለች።

የአምስተኛው ቅጽ መጨረሻ አካባቢ ዴኔሪስ በሣር ሜዳ መካከል ብቻዋን ናት፤ ተርባለች፣ ታማለች። ድራጎኗ አንዲት ልጅ መግደሉን ታስታውሳለች። ስሟን ለማስታወስ ትሞክራለች። አልመጣላትም።

ታላቅየው እዚህ ገጽ ላይ ስልኩን አስቀመጠ። ለታናሽየው ደወለለት (ያኔ ሥራ ይዞ ሐዋሳ ሄዷል)። «ከተማዋን ያቃጠለችው እዚህ ጋ ነው» አለው። ታናሽየው ገጹን ያውቀዋል፤ ከእሱ በፊት አንብቦታል። ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ ለምን አላሳዩንም?» አለ።

ለምን እንዳላሳዩ መገመት ከባድ አይደለም። መርሳት አይቀረጽም። መጽሐፍ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ይገባል፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ በአንድ ሰው ዓይን ነው የተጻፈው። ካሜራ ፊት ነው የሚያየው። ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም ሁሉን አያስተባብልም። ጊዜ ያስፈልግ ነበር፤ ኤችቢኦ ተጨማሪ ጊዜ ለመስጠት ፈቃደኛ እንደነበር ይታወቃል። አዘጋጆቹ ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ሲዝኖች በሰባትና በስድስት ክፍል ጨረሱ። በመጀመሪያው ሲዝን ንጉሥ ከዋና ከተማው ወደ ሰሜን ለመሄድ ሳምንታት የሚፈጅበት አገር፣ በሰባተኛው ሲዝን ሰው ከጫፍ ጫፍ ለምሳ የሚደርስበት ሆነ። መንገዱ ሲያጥር ስንቅ የሚባል ነገር ቀረ፤ ስንቅ ሲቀር ገበሬው ቀረ።

ዕዳውም እንዲሁ። መጽሐፉ ውስጥ ዙፋኑ ከስድስት ሚሊዮን በላይ የወርቅ ሳንቲም ተበድሯል። ሰርሲ ለብረት ባንኩ መክፈሏን ስታቆም ባንኩ በየአገሩ ያበደረውን ይጠራል፤ ነጋዴዎች ይከስራሉ። ለቤተ እምነቱ ያለባትን ዘጠኝ መቶ ሺህ ለማሰረዝ ደግሞ፣ ከዘመናት በፊት ትጥቁን የፈታውን የሃይማኖት ሠራዊት እንደገና እንዲታጠቅ ትፈቅዳለች። ድንቢጦች የሚባሉት ጽንፈኞች ከሰማይ አልወረዱም፤ ጦርነቱ ያፈናቀላቸው ድሆች ናቸው፣ የተገደሉ ካህናትን አጥንት ተሸክመው ወደ ከተማው ገብተው በታላቁ ቤተ መቅደስ ደጅ የከመሩት። ፊልሙ ውስጥ ያ አጥንት የለም። የቀሩት ቁጡ ሰዎች ናቸው። ሰርሲ በስድስተኛው ሲዝን መጨረሻ ቤተ መቅደሱን ከነሰዉ ታፈነዳዋለች፤ ዙፋን ላይ ትወጣለች፤ በማግስቱ ከተማው ውስጥ አንድ ለቅሶ፣ አንድ አመፅ አይታይም። የባንኩ ዕዳም በሚቀጥለው ሲዝን በተዘረፈ ወርቅ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል። እንዲህ ቢቀል!

ይህን ሁሉ ብሎ ደግሞ ማርቲንን ነጻ ማውጣት አይቻልም። ፊልሙ ጨርሷል፤ እሱ አልጨረሰም። በሦስተኛውና በአራተኛው ቅጽ መካከል አምስት ዓመት ለመዝለል አቅዶ ነበር፤ ልጆቹ እንዲያድጉ፣ ድራጎኖቹ እንዲፋፉ። ሲሞክረው አልሆነለትም። በእነዚያ አምስት ዓመታት ገዢዎቹ ምን ሲሠሩ ነበር? መመለስ ነበረበት። ዝላዩን ሰርዞ ማግስት ማግስቱን መጻፍ ጀመረ፤ መጽሐፉ አብጦ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ በ2005 ሌላው በ2011 ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዝምታ። ሁሉንም ሂሳብ የከፈተ ሰው ሁሉንም መዝጋት አለበት፤ በየገጹ አዲስ ባለዕዳ ይመጣል። ታላቅየው ይህ ይገባዋል፤ ቆጠራው ስላልገጠመ ብቻ ዓመታዊ ሪፖርቱ ያልተዘጋ መጋዘን አይቷል። ቢሆንም ሪፖርት ይጠበቃል። አንባቢ የከፈለው ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ ዕድሜም ነው። ታናሽየው በዚህ ላይ እስካሁን ይቆጣል፤ «ያልጨረሰ ሰው ከተበላሸ ጨራሽ በምን ይሻላል?» ይላል። ለዚህ ታላቅየው ጥሩ መልስ የለውም። የተበላሸው ቢያንስ ደፍሯል የሚል ስሜትም አንዳንዴ ይመጣበታል።

ባለፈው ዓመት በዓል ታናሽየው ከሐዋሳ መጥቶ የመጨረሻውን ክፍል እንደገና አብረው አዩት። መኳንንቱ ንጉሥ ሊመርጡ ይሰበሰባሉ፤ ሳምዌል ሕዝቡ ሁሉ ለምን አይመርጥም ሲል በሳቅ ያፌዙበታል። ብራን ይመረጣል። ከዚያ አዲሱ የሚኒስትሮች ስብሰባ። ከተማዋ ተቃጥላለች፣ ክረምት ነው። የገንዘብ ሹም የተደረገው ብሮን ነው፤ ቅጥረኛ ነፍሰ ገዳይ የነበረው፣ ለም የሆነው የአገሪቱ እህል አምራች ግዛት የተሰጠው። ቲሪየን የሚመገብ የተራበ ሕዝብ አለን፣ ምን ልታደርጉ ነው? ብሎ ይጠይቃል። አንድ አጭር መልስ ይሰጠዋል። ወሬው ወደ መርከብና ወደ ሴተኛ አዳሪዎች ቤት ጥገና ይዞራል፤ ይሳሳቃሉ።

ታላቅየው ሪሞቱን አንስቶ አቆመው።

«ስንት ኩንታል?» አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ በናትህ ልይበት» አለ ታናሽየው፣ እየሳቀ።

«አይ፣ ስንት ኩንታል አላቸው? አንዱ እንኳ አልጠየቀም እኮ።»